ከወሎ እስከ ማኩዌኒ፦ የሻገተ እህል ታሪክ ለእኛ ለነጋዴዎች

እኛ ናይሮቢ ተቀምጠን በድንበር የምንነግድ ሰዎች ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀረጥና ስለ መኪና ኪራይ ሳናነሳ የምንውልበት ቀን የለም። ሻጋታን የምናነሳው ግን ጆንያው ሲሸት ብቻ ነው። ያለፈው ታሪክ እንደሚያሳየን ደግሞ ብዙ ሰው የጎዳው እህል የማይሸተው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ቤት እንጀምር። በ1977 እና በ1978 ወሎ ውስጥ ከገብሱ መሃል የበቀለው ሲናር ኤርጎት በሚባል ፈንገስ ተያዘ። ኤርጎት ዛላው ላይ በፍሬው ቦታ የሚወጣ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ጣት ይጠቁራል፣ እግር ይደርቃል፣ አንዳንዱም ይቆረጣል። ያን ጊዜ ከተመዘገቡት 140 ሕመምተኞች ከመቶ 34ቱ ሞቱ። ከታመሙት የሚበዙት ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። በ2001ም አርሲ ውስጥ የተበከለ ገብስ በበሉ ሰዎች ላይ ይኸው በሽታ ታየ።

ኤርጎት ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ በእጅ ይለቀማል። የስንዴን ዛላ ያለጊዜው የሚያነጣው ፉዛሪየምም ምልክት አለው። ስንዴው አበባ ላይ ሳለ ዝናብ ከበዛ ይይዘዋል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ነጣ ወይም ሮዝ ይላል። ኬንያ ውስጥ ናኩሩና ናሮክ ያሉ የስንዴ ገበሬዎች ያውቁታል። የሚተወው መርዝ የበላውን ሰው ያስመልሳል።

ሦስተኛው ግን ከእነዚህ ይለያል። በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ በመርከብ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎው ውስጥ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ነበረ። መርዙም ከዚሁ ስም ተቀንጭቦ አፍላቶክሲን ተባለ። እንግዲህ ይህ መርዝ ስሙን ያገኘው ባሕር በተሻገረ ሸቀጥ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምግቡ ቢበስልም አይጠፋም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተበላ ጉበትን መትቶ ይገድላል። በጥቂቱ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል።

ኬንያ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። በ1981 ማቻኮስ ውስጥ የተበከለ በቆሎ ከበሉ 20 ሕመምተኞች 12ቱ ሞቱ። በ2004 ደግሞ ማኩዌኒ፣ ኪቱይ፣ ማቻኮስና ቲካ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ። ብዙዎቹ የበሉት የራሳቸውን ማሳ በቆሎ ነበር። በቆሎው ሳይደርቅ ቤት ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ምርት የጠፋበት ዓመት ስለነበር የተጠራጠረም ሰው ሌላ የሚበላው አልነበረውም።

ለእኛ ለነጋዴዎች ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የታየው ነው። አጥኚዎች በእነዚያ አራት አካባቢዎች 65 ገበያዎችን ዞረው፣ ከ243 ሻጮች 350 ናሙና ወሰዱ። ከመቶ 55ቱ አገሪቱ ያን ጊዜ ከፈቀደችው መጠን በላይ መርዝ ነበረባቸው። ከመቶ 7ቱ ደግሞ ያን መጠን ሃምሳ እጥፍና ከዚያ በላይ አልፈውት ነበር። የገበሬው ትርፍ ለደላላ፣ ከደላላ ለቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪ በቆሎ አልቆበት ለመጣ ሌላ ገበሬ ይሸጣል። መርዙም በዚያው መንገድ ሄዷል። ከሻጮቹ አንዱም በዓይኑ ሊለየው አይችልም ነበር።

የተበላሸውን ለከብት መስጠትም መፍትሔ አልሆነም። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ሲመረምር ሁሉም ውስጥ የአፍላቶክሲን ዝርያ አገኘ። ዋነኛው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ለከብት ብለን የለየነው በሕፃን ኩባያ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መንግሥትም እየጠበቀ መጣ። በኅዳር 2019 ኬንያ አምስት የበቆሎ ዱቄት ዓይነቶችን ከገበያ አገደች። መጋቢት 5 ቀን 2021 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣ በቆሎ እንዳይገባ ከለከለች። መኪኖች ድንበር ላይ ቆሙ። ከአምስት ቀን በኋላ እገዳው ሲነሳ አስመጪው እንዲመዘገብ፣ የመጣበት አገር ማስረጃና መርዙ ከቢሊዮን 10 እጅ እንደማይበልጥ የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት እንዲያቀርብ ተወሰነ። ይህ መጠን በአንድ ኩንታል ሲታሰብ 1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጉቦ መፈለጊያ እናየዋለን። ወረቀቱ የመጣው ግን ከማኩዌኒ መቃብሮች በኋላ መሆኑን አንርሳ።

ታሪኩ ለሥራችን የሚለው ይህን ነው። ሻጋታ ርጥበት ይፈልጋል፤ በቆሎ ከመቶ 13 ገደማ ርጥበት ላይ ሲደርስ ሻጋታው ማደግ ያቅተዋል። ስለዚህ እህል ስንገዛ ከሚዛኑ ጋር የርጥበት መለኪያም እንያዝ። ጆንያ መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ይደርደር፤ ዝናብ የነካው ጭነት ከደረቁ ጋር አይደባለቅ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ስለሚከማች አንድ እፍኝ ማስመርመር አይበቃም፤ ናሙና ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከታችም ይወሰድ። የወደቀውን እህል በርካሽ የሚወስድ ሰው ሲመጣ ደግሞ ለማን ሊያበላው እንደሆነ እንጠይቀው። ብዙ ጊዜ የሚያበላው እኛው ሰፈር ላሉ ቤተሰቦች ነው።