ከአፈሙዙ ፊት የቆመው ማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ጽሑፋችን የአንድ ጨዋታ ታሪክ ነው። ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በመቱ፣ በጎሬ፣ በኡካ፣ በሁሩሙ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወጥተው ከዐስር ሰላት በኋላ የት እንደሚሰበሰቡ የሚያውቅ ወላጅ፣ ነገሩ ተራ እንዳልሆነ ይገባዋል። አንዳንዱ ልጅ ኮምፒዩተር ተደርድሮበት በሰዓት ከሚከፈልበት ጌም ቤት ይገባል፤ አንዳንዱ የታላቅ ወንድሙን ስልክ ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። የእግር ኳሱ ጨዋታ እንዳለ ሆኖ፣ ብዙዎቹን እስከ መግሪብ አዛን ይዞ የሚያቆያቸው ጠመንጃ የሚተኮስበት ጨዋታ ነው።

ይህ ጨዋታ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ተጫዋቹ ራሱን ከሩቅ አያይም። በስክሪኑ ላይ ከራሱ ወገን የሚታየው ሁለት እጅና አንድ አፈሙዝ ብቻ ነው፤ የቀረው ዓለም ሁሉ ከአፈሙዙ ማዶ ነው። ልጁ ተኳሹን የሚመለከት ሳይሆን በተኳሹ ዓይን የሚመለከት ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሆን ተብለው ለማስፈራት የተሠሩ ብዙ ናቸው። እኛ ወላጆች ሁሉንም በአንድ ስም "የጥይት ጌም" ብለን እናልፋቸዋለን እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። እነርሱን ለማነጻጸር ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፦ ከአፈሙዙ ፊት የቆመው ማን ነው?

ከዓይን ምስል እስከ ሰይጣን

የዚህ ጨዋታ አጀማመር ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ በሚገኝ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ማዕከል ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች "ሜዝ ዋር" የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ተጫዋቾች በጠባብ መተላለፊያዎች እየተዘዋወሩ ይተኳኮሱ ነበር። ከአፈሙዙ ፊት ይታይ የነበረው ግን የሰው መልክ ሳይሆን የአንድ ዓይን ምስል ብቻ ነበር። በ1980 አታሪ የተባለው ኩባንያ ከታንክ ውስጥ ሆኖ የሚተኮስበትን "ባትልዞን" አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮች ማሠልጠኛ የሚሆን ሌላ ቅጂ እንዲሠራለት ጠየቀ። ጨዋታውና የጦር ሠፈሩ ገና ከጠዋቱ የተዋወቁ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በ1992 አይዲ ሶፍትዌር የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ "ዎልፈንስታይን 3ዲ"ን ለገበያ አቀረበ። እዚህ ላይ ከአፈሙዙ ፊት የቆሙት የናዚ ወታደሮች ናቸው። ያው ኩባንያ በታኅሣሥ 1993 "ዱም"ን አወጣ። የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ስለታደለ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ዓለምን አዳረሰ። በዱም ታሪክ ውስጥ በማርስ ጨረቃዎች ላይ የገሃነም በር ይከፈትና ሰይጣናት ይፈልሳሉ፤ ተጫዋቹም በጠመንጃ ያጠፋቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የማስፈራቱ ጥበብ እየረቀቀ ሄደ። በ2004 የወጣው "ዱም 3" ጨለማን መሣሪያ አደረገ። ተጫዋቹ ባትሪና ጠመንጃ በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም፤ ወይ ያያል ወይ ይተኩሳል። በ2005 የወጣው "ፊር" ደግሞ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ በድንገት ብቅ እያለች እንድታስደነግጥ አደረገ። በ2010 ስዊድናውያን የሠሩት "አምኔዥያ" ለተጫዋቹ ጠመንጃ እንኳን አልሰጠውም። መብራት ይዞ መሸሽና መደበቅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህም ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ወላጅ ድንገት ቢገባና በስክሪኑ ላይ ቀንድ ያለው ጭራቅ ቢያይ "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ መሰኪያውን ይነቅላል። ምክንያትም አለው። ጂንና ሰይጣን፣ ጀነትና ጀሀነም ለኛ ከኢማናችን ክፍል ናቸው እንጂ የተረት ዕቃ አይደሉም። ጀሀነም ሰው ጠመንጃ ይዞ ገብቶ አሸንፎ የሚወጣበት ቦታ ሆኖ በልጅ አእምሮ ከተሣለ፣ ነገ በመድረሳ ስለ አኺራ ሲነገረው የሚያስታውሰው ያንን ሥዕል ነው። ልጁም ሌሊት ብቻውን ወደ ውጭ መውጣት ይፈራል፤ እንቅልፉም ይታወካል። ይሁን እንጂ የዚህ ጉዳት መድኃኒት በእጃችን ነው። ከመኝታ በፊት የሚባለውን ዚክር ካስተማርነውና ከጎኑ ከተቀመጥን፣ በአላህ ፈቃድ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ጭራቁ በእውነተኛው ዓለም መንገድ ላይ እንደማይገኝም ልጁ ራሱ ያውቃል።

ጭራቁ ሰው ሲሆን

ከበድ ያለው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1996 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር አባላት "ዱም 2"ን ወስደው ለሥልጠና እንዲመች ለወጡት። ሰይጣናቱን አውጥተው በምትካቸው ወታደሮችን አስገቡ። ጨዋታው ያው ነው፤ የተለወጠው ከአፈሙዙ ፊት የቆመው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የጨዋታ ታሪክም በአመዛኙ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው።

በ1999 በሁለት ወጣቶች ተጀምሮ በ2000 በገበያ የዋለው "ካውንተር ስትራይክ" ተጫዋቾችን "ሽብርተኛ" እና "ፀረ ሽብር" ብሎ በሁለት ጎራ ከፈላቸው። ከቦታዎቹ ሁሉ ዝነኛ የሆነው በአሸዋ የተከበበ፣ ቅስት በሮች ያሉት፣ የዐረብ አገር የሚመስል ሠፈር ነው። በሐምሌ 2002 የአሜሪካ ጦር ራሱ ወጣቶችን ለውትድርና ለመሳብ "አሜሪካስ አርሚ" የተባለውን በነፃ አደለ፤ ይህም እስከ 2022 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። በ2007 የወጣው "ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4" ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ የመካከለኛው ምሥራቅ አገርን የጦር ሜዳ አደረገ። አገሩ ስም እንኳን አላስፈለገውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 ከኩዌት ወደ በስራ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያፈገፍግ የነበረውን የኢራቅ ሠራዊት ረጅም ሰልፍ በአሜሪካ የሚመራው ጥምር ኃይል በአውሮፕላን ደበደበው። ቦታው "የሞት ጎዳና" ተብሎ ተጠራ። በ2019 የወጣው የ"ኮል ኦፍ ዲዩቲ" ጨዋታ ይህንኑ ስም በአንድ ልብ ወለድ አገር ላለ ጎዳና ሰጠ፤ ደብዳቢዎቹም ሩሲያውያን እንደሆኑ ተናገረ። ስለ 1991 ምንም ያላነበበ ልጅ ታሪኩን በመጀመሪያ የሚሰማው ከዚህ ነው። በጨዋታ የተማረውንም መጽሐፍ ቶሎ አያስለቅቀውም። በኅዳር 2021 ደግሞ በዚሁ ስም በወጣ ሌላ ጨዋታ ውስጥ የቁርኣን ገጾች መሬት ላይ ተበታትነው በመታየታቸው የሙስሊሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ ኩባንያውም ምስሉን አንስቶ ይቅርታ ጠይቋል።

በኡካ የማስተምረውን አንድ ልጅ፣ የሚተኩስበት ሰው ማን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። "ጠላት ነው ኡስታዝ" አለኝ። "ስሙስ?" ብለው "ስም የለውም" አለ። ሰውየው ጥምጥም እንዳለውና ከበስተኋላው ሚናራ እንደሚታይ ስነግረው ዝም አለ። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቁርኣን የሚቀራ ጨዋ ልጅ ነው። በሌላ ሰው ዓይን አያቱን የሚመስል ሽማግሌ ሲያይ ግን አላወቀውም።

ክራይስትቸርች

እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ፣ በጁሙዓ ዕለት፣ አንድ ዘረኛ በሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሙስሊሞችን ገደለ። ካሜራ በራስ ቁሩ ላይ አስሮ ግድያውን በቀጥታ በፌስቡክ አሠራጨ። ያ ምስል እጅና አፈሙዝ ብቻ የሚታይበት፣ የጌሙን መልክ የያዘ ነበር። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን እንዳጠፋ አስታውቋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ገዳዩን የነዳው የሙስሊም ጥላቻ ነው፤ ጌም ነፍሰ ገዳይ አደረገው ብሎ መደምደም ማስረጃ የሌለው ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ እነዚህ ጨዋታዎች ከጩኸትና ከመገፋፋት ከመሳሰለ ቁጡነት ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳላቸው፣ እንደ ጅምላ ግድያ ያለውን ግፍ ያመጣሉ ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሰው ከልክ በላይ የጨዋታ ተገዢ ሲሆን የሚደርስበትን ችግር በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እኛም ከዚህ አልፈን አንናገርም። የምንለው አንድ ነው፤ ገዳዩ ለተመልካቾቹ የመረጠላቸው ወንበር፣ ልጆቻችን በየቀኑ የሚቀመጡበትን ወንበር ይመስላል። ከዚያ ወንበር ላይ ሟቹ እናት ያለው ሰው ሆኖ አይታይም።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተካሄደው ጦርነት ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። በምዕራብ ኦሮሚያም ተኩስ ሰምቶ ቤቱን ጥሎ የወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ፣ ከአፈሙዙ ማዶ ያለው ሰው ስም የለውም የሚል ትምህርት ልጅ እንዲጨምር አንፈልግም።

ሙስሊሞች በሠሯቸውስ?

አንዳንድ ወንድሞች መፍትሔው የራሳችንን መሥራት ነው ይላሉ። ተሞክሯል። በ2001 በደማስቆ ዳር አል-ፊክር የተባለው አሳታሚ ስለ ፍልስጤም ኢንቲፋዳ የሚተርከውን "ከዐመድ በታች" የተባለ ጨዋታ አወጣ። ሰላማዊ ሰው የተኮሰ ተጫዋች ይሸነፋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ሕግ ነው። በ2003 ደግሞ የሊባኖሱ ሒዝቡላህ የራሱን የተኩስ ጨዋታ አሠራጨ። እነዚህ ከአፈሙዙ ፊት የቆመውን ለወጡት፤ ወንበሩ ግን ያው ነው።

የሱናው ሚዛን

ኢስላም ጨዋታን አልከለከለም። በሰሒሕ ሐዲስ እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በጦር ሲጫወቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት በኩታቸው ጋርደዋት ነበር። የአስለም ጎሣ ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ ባዩ ጊዜም አበረታተዋቸዋል። ስለዚህ መሣሪያ የያዘ ጨዋታ ሁሉ ክፉ ነው አይባልም። እነዚያ ጨዋታዎች ግን የሰውን መግደል በማስመሰል አልነበሩም፤ አካልን ያጠነክራሉ፤ ሰውንም ከሰው ያገናኛሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሙስሊም ሌላውን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ትምህርቱም የመጣው ጓደኞቹ በተኛበት ገመዱን ወስደውበት ነቅቶ በደነገጠ አንድ ሰሓባ ምክንያት ነው። በወንድም ላይ ብረት ማነጣጠርንም፣ የአንድ እናትና አባት ወንድም ቢሆን እንኳን፣ አጥብቀው ከልክለዋል። በጦርነት ላይ እንኳን ሴቶችንና ሕፃናትን መግደል ክልክል ነው። ሦስቱንም ስናያይዛቸው፣ ዲናችን ከአፈሙዙ ፊት ስላለው ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ እንረዳለን።

ወላጅ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከልጁ ጎን ይቀመጥ። ቁጣ ብቻ ከሆነ ልጁ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጨዋታውን እያየ ይጠይቀው፦ ይህ ሰው ማን ነው? ምን አደረገ? እጁን ቢሰጥ ትምረዋለህ? ብዙዎቹ ጨዋታዎች ምሕረት የሚባል ቁልፍ የላቸውም፤ ልጁ ይህን ራሱ ይድረስበት።

ሁለተኛ፣ የዕድሜ ምልክቱን ይመልከት። በሽፋኑ ላይ 17 ወይም 18 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለልጅ አይሆንም ያሉት ነው። ወደኛ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ሽፋን የሌለው ቅጂ ስለሆነ፣ ስሙን ጠይቆ የሚያውቅ ወጣት ማማከር ያሻል።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተፈቀደ ጨዋታ ሁልጊዜ ያው ነው ብሎ አይዘናጋ። በ2020 "ፐብጂ" በተባለው የስልክ ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ለጣዖት የሚያጎነብስበት ነገር በድንገት ተጨምሮ፣ የአዝሃር የፈትዋ ማዕከል አስጠንቅቆ ኩባንያው አንስቶታል።

አራተኛ፣ የሚከለክል ሰው ምትክ ያዘጋጅ። ገበጣ አለ፤ ኳስ አለ፤ ሩጫ አለ። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ውስጥ አባት የሰሓባዎችን ታሪክ ቢተርክለት፣ ልጁ ጀግንነትን ስምና እናት ካላቸው ሰዎች ይማራል።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ዓይንና ልብ ይጠብቅልን፤ የክራይስትቸርች ሸሂዶችን ይዘንላቸው፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።