የንግሥተ ሳባ ባለ ክፍል ሥዕል

የንግሥተ ሳባ ባለ ክፍል ሥዕል አንድ ትልቅ ሸራ በመስመር ተከፋፍሎ፣ ታሪኩ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ ከክፍል ወደ ክፍል የሚነበብበት የኢትዮጵያ ሥዕል ዓይነት ነው። ክፍሎቹ ብዙውን ጊዜ 44 ናቸው። ንባቡ እንደ ጽሑፍ ከላይ ከግራ ይጀምራል፤ የንግግር ፊኛ የለም፤ የክፍሉን ድርጊት የሚናገር አጭር አማርኛ ይጻፍበታል።

ዓይነቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ሲስፋፋ ዋና ገዢዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከታወቁት ሠዓሊዎቹ አንዱ በላቸው ይመር ናቸው። ትዕይንቶችን በተርታ መደርደሩ ግን ለገበያ የተፈጠረ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የቅዱሳን ገድልና ተአምር ቀድሞም እንዲሁ ይሣል ነበር።

ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥቲቱ የተገናኙበት ታሪክ ክብረ ነገሥት ከተባለው መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ዘንዶ የተገደለበት መግቢያው ግን ከአፈ ታሪክ ነው። የሠዓሊው ብልሃት ከሁሉ በላይ የሚታየው ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ባቀረበው እራት ላይ ነው። በአንዱ ክፍል ቅመም የበዛበት ምግብ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱ በሌሊት ውኃ ለመጠጣት ስትነሣ ንጉሡ ይይዛታል፤ ከቤቱ ያለ ፈቃድ ምንም ላትወስድ ምላ ነበርና። ያው ፊትና ያው ልብስ ስለሚደጋገም ማንበብ የማይችልም ታሪኩን አይስትም። ቀሪዎቹ ክፍሎች የልጃቸውን የምኒልክን ልደት፣ ወደ ኢየሩሳሌም መሄዱንና የታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ይተርካሉ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ከዚህ ይለያል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ መላውን ውጊያ በአንድ ያልተከፋፈለ ሸራ ያሳያል።