የኖርፎክ አራውካሪያ

ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ጌጠኛ ዛፍ። የትውልድ ቦታው ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ትንሿ የኖርፎክ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1774 እ.ኤ.አ. ሲደርስባት ግንዱን ለመርከብ ምሰሶ ተመኘው፤ እንጨቱ ግን ለዚያ የሚበቃ ጥንካሬ አልነበረውም። ደኑን ያመናመነው ከ1788 ወዲህ የተከተለው ሰፈራና ምንጣሮ ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ መዝግቦታል፤ ደሴቷም በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አኑራዋለች። ቅርንጫፎቹን በየደረጃው ክብ አድርጎ ስለሚዘረጋ በአዲስ አበባም ለውበት ይተከላል። በአገሩ ከ50 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ እንደ ቦሌ ባለ ሰፈር ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ባይተክለው ይሻላል።