የዋጋ ወሬ፦ ከአሞሌ ገበያ እስከ 929

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከስድስት ዓመት ቆይታው በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የጨውን ዋጋ መዝግቦ አስቀርቷል። ጨው በሚቆረጥበት ቦታ ለአንድ ድራም ወርቅ ከመቶ ሃያ ያላነሰ አሞሌ፣ ማለትም የጨው ጡብ፣ ይሰጥ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ገበያ ቁጥሩ በአምስት ወይም በስድስት ይቀንሳል። እንዲህ ከገበያ ገበያ እያነሰ ሄዶ ንጉሡ ከሰፈረበት ሲደርስ፣ ለዚያው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበር። የተለያዩ ገበያዎችን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጠው ለንባብ ካበቁ የኢትዮጵያ ታሪክ ምንጮች ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ሲራራ ነጋዴው የሚኖረው በዚያ ልዩነት ነበር። በቅሎውን ጭኖ ሳምንታት የሚጓዘው እዚህ የረከሰው እዚያ እንደሚወደድ ስለሚያውቅ ነው። እውቀቱ ግን የተጻፈ አልነበረም። ከወዲያ ማዶ የተመለሰ ጓደኛ፣ በመንገድ የተገናኘ ሌላ ሲራራ፣ ኬላ ላይ ያደረ መንገደኛ ይነግረዋል፤ እሱም ለሚያምነው ብቻ ይነግራል። አሞሌውም ቢሆን ሁሉም እኩል አልነበረም። እንዳይሰበር በልጥ ታስሮ ይጓዛል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም እርጥበት የበላው ሲሆን ተቀባዩ ዋጋውን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም አልቀበልም ይላል። ስለዚህ «አሞሌ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው አሞሌ፣ የት ገበያ፣ መቼ የሚለውም አብሮ መታወቅ ነበረበት። የዋጋ ወሬ ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ዋጋን መሰወር ራሱ ባህል የሆነባቸው ገበያዎችም አሉ። በምሥራቅ በሶማሌ አካባቢ በከብትና በግመል ገበያ ሻጭና ገዢ፣ ወይም የሁለቱ ደላሎች፣ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት እየተነካኩ ይደራደራሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ስምምነት መኖሩን ያያል እንጂ ቁጥሩን አያውቅም።

የእህሉ ገበያ ዐይንና ጆሮ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባው እህል በረንዳ ሆኖ ቆይቷል። ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የሚመጣው ጭነት እዚያ ያርፋል፤ እህል ወዳጠረባቸው ቦታዎች የሚላከውም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ይነሳል። በሻጩና በገዢው መካከል የቆመው ደላላ ነው። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ጭነቱን ይልካል እንጂ ገዢውን አያውቀውም፤ ገዢውም እህሉን ሳያይ ገንዘብ አይሰጥም። ደላላው ከጆንያው ናሙና ዘግኖ ያያል፣ ይዳብሳል፣ ይሸታል፤ ጤፉ ማኛ ይሁን ሠርገኛ፣ ስንዴው እርጥበት ይኑረው አይኑረው ቃሉን ይሰጣል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ1998 ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የተነሣው ከእነዚህ ደላሎች ነው። ያሳዩትም ነገር ፍትሐዊ ነው፦ ደላላው ትርፍ ቆራሽ ብቻ አይደለም፤ የጥራት ደረጃ፣ አስገዳጅ ውልና የታወቀ ዋጋ በሌለበት ገበያ የሦስቱንም ሥራ በራሱ እምነት ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። ችግሩ ያ እምነት ከሚተዋወቁት ክበብ አለመውጣቱ ነበር።

ከዚህ ጥናት ቀደም ብሎ ደርግ የዋጋን ጥያቄ በትእዛዝ ለመዝጋት ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ገበሬው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ኋላም ያ ዋጋ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። እህል ከአውራጃ አውራጃ በነጻ እንዳይሻገር ኬላ ቆመ። ዋጋው በሬዲዮ ሊነገር ይችል ነበር፤ ለገበሬው ግን ከትእዛዝ በስተቀር የሚያስታውቀው ነገር አልነበረም። የጤፍ እጥረት የት እንዳለ፣ ትርፍ የት እንደተከማቸ ሊናገር የሚገባው ቁጥር ድምፁን አጣ። በ1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ ነጻ ሲለቀቅ ነጋዴውና ደላላው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ነጻ መለቀቁ ብቻውን አልበቃም። በ1994 ዓ.ም. ከመልካም ምርት በኋላ የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ። ለማዳበሪያ የተበደረ ገበሬ እዳውን መክፈል አቃተው፤ የሚገኘው ገንዘብ የመሰብሰቢያውን ድካም ስለማይመልስ በቆሎውን ማሳ ላይ የተወም ነበር። ዝናቡ ቀርቶ በቀጣዩ ዓመት ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠበቀ። በአንድ አገር ውስጥ ትርፍና ረሃብ እንዲህ ተከታትለው መምጣታቸው ሊረሳ የማይገባ ውድቀት ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተወለደው ከዚህ ቁስል ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በእሌኒ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። በአዲስ አበባው አዳራሽ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋጋ ይጠሩ ነበር፤ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። በጨርቅ ስር ይነካካ የነበረው እጅ እዚህ በአደባባይ ተመታ። አዳራሹ የሚታየው ክፍል ነበር፤ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ግን ከዚያ በፊት ነው። ምርቱ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ናሙናው ይመረመራል፣ ቡና ከሆነ ይቀመሳል፤ ከዚያ ደረጃ ይሰጠውና ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የሚሸጠው ያ ደረጃ ስለሆነ ገዢው ጆንያውን ሳይከፍት ዋጋ መጥራት ይችላል። ክፍያውም በማግስቱ ሻጩ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ደረቅ ቼክ ያቃጠለው ነጋዴ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ቁጥሩም ከአዳራሹ ወጣ። በገበያ ከተሞች የኤሌክትሮኒክ ዋጋ ሰሌዳ ተተከለ፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣና ድረ ገጽ ዋጋውን አሰራጩ፤ ወደ 929 የደወለ ሰው የዕለቱን ዋጋ በስልኩ ሰማ። የጅማ ወይም የሲዳማ ቡና ገበሬ አዲስ አበባ የዋለው ዋጋ በፈረሱላ ስንት እንደሆነ አውቆ ሰብሳቢውን መሞገት ቻለ። ለዚህ ሥራ የደከሙት ሊመሰገኑ ይገባል።

ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። ገበያው ለእህል ታስቦ ተጀምሮ፣ አዋጅ ቁጥር 602/2000 ቡናውን ወደዚያ ካስገባ በኋላ ጉልበቱ ወደ ወጪ ንግድ ምርቶች፣ ወደ ቡናና ሰሊጥ ሆነ። የጤፍና የበቆሎው ገበሬ በአብዛኛው እንደ ቀድሞው በእህል በረንዳና በደላላው ስልክ ቀጠለ። ቡናውም በደረጃ ሲደባለቅ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ጠፋ፤ ልዩ ጣዕም ፈላጊ የውጭ ገዢዎች አጥብቀው ተቃወሙ። የቡና ግብይት ሕጉ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ተሻሽሎ፣ ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ የመሸጥ በር ሰፋ።

ዛሬ ዋጋን የሚያካፍለው ራሱ ተጠቃሚው ነው። በቴሌግራም የመኪናና የሲሚንቶ ዋጋ ይለጠፋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የባንኮችን የዕለት ምንዛሪ ጎን ለጎን ማየት ብዙዎች ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ሆኗል። ዶላር ከባንክ ባንክ ያው ዶላር ስለሆነ ማወዳደሩ ይቀላል። ጤፍ፣ በርበሬና ቅቤ ግን እንዲያ አይደሉም። የአንዱ ገበያ ጣሳ ከሌላው ይለያል፤ ቁና ከአገር አገር ይሰፋል ይጠባል፤ «ማኛ» ተብሎ የሚሸጠውም ሁሉ ማኛ አይደለም።

ስለዚህ የየሰፈሩን የጤፍ ዋጋ ሕዝብ ራሱ የሚመዘግብበት ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ለመሥራት የተነሣችሁ ወጣቶች፣ ከብሩ ጋር መስፈሪያውን፣ ደረጃውን፣ የገበያውን ስምና ቀኑን አስመዝግቡ። ጣሳውንም ቁናውንም በኪሎ መዝኑና ለተጠቃሚው አሳዩት።