በአማን ውል ከመፈረም በፊት፦ የውል ሕግ መሠረታዊ መርሆዎች በዮርዳኖስና በኢትዮጵያ

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማንና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በጥቂት ወራት ውስጥ የተለያዩ ውሎችን ሊዋዋል ይችላል። የሥራ ውል ይፈርማል፤ ቤት ይከራያል፤ ለሚገዛው ዕቃ ቀብድ ይከፍላል፤ አነስተኛ ንግድ ለመክፈትም ከሸሪኩ ጋር ይስማማል። እነዚህ ስምምነቶች ሁሉ የሚዳኙት በዮርዳኖስ ሕግ ነው። የንግድ ሥራ ተማሪዎች በኢትዮጵያ የሚማሯቸው የውል መርሆዎች በአብዛኛው በዮርዳኖስም ይሠራሉ። በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ግን ሁለቱ ሕጎች ይለያያሉ፤ ልዩነቱን አለማወቅም ገንዘብና መብት ያሳጣል።

በዚህ ጽሑፍ የዮርዳኖስ ሕጎች የወጡባቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሕጎች ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

የሁለቱ ሕጎች አመጣጥ

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለ ውሎች በጠቅላላው የሚደነግገው ክፍል ከአንቀጽ 1675 ይጀምራል።

ዮርዳኖስ በበኩሏ ለረጅም ጊዜ ስትሠራበት የቆየችው በኦቶማን መንግሥት ዘመን በተዘጋጀው «መጀላ» በተባለው የሕግ መድብል ነበር። ይህን የተካው የ1976 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 43 ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው ከጥር ወር 1977 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ሕጉ ከእስላማዊው የሕግ ትምህርት፣ በተለይም ከሐነፊ መዝሀብ፣ እንዲሁም ከሌሎች የዐረብ አገሮች ዘመናዊ ሕጎች የተውጣጣ ነው።

ውል እንዴት ይመሠረታል?

በኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 1675 መሠረት ውል ማለት ንብረትን የሚመለከቱ ግዴታዎችን ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት ሁለት ወይም ከሁለት በላይ የሆኑ ሰዎች የሚያደርጉት ስምምነት ነው። የዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 87 ደግሞ ውልን በአንደኛው ወገን የቀረበ ሐሳብ ከሌላኛው ወገን መቀበል ጋር ተጣምሮ በውሉ ጉዳይ ላይ ውጤት የሚያስከትልበት ትስስር አድርጎ ይተረጉመዋል። በሁለቱም ዘንድ መሠረቱ የፈቃድ መገናኘት ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው «ሐሳብ ቀረበ የሚባለው መቼ ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በአማን ገበያ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከነዋጋው በመደርደሪያ ላይ ቢያቀርብ፣ በዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 94 መሠረት ይህ የውል ሐሳብ ነው፤ ገዢው «እወስደዋለሁ» ሲል ውሉ ይመሠረታል። ማስታወቂያና የዋጋ ዝርዝር ግን ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ ለድርድር እንደ መጋበዝ ብቻ ይቆጠራሉ። የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 1687 ከዚህ የተለየ አቋም አለው፤ ዕቃን ለሕዝብ አሳይቶ ለሽያጭ ማቅረብን እንደ ውል ሐሳብ አይቆጥረውም።

ዝምታ በመርሕ ደረጃ መቀበል አይደለም። ይሁን እንጂ ተዋዋዮቹ ቀደም ሲል የንግድ ግንኙነት ካላቸውና አዲሱ ሐሳብም ከዚያው ግንኙነት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ዝም ማለት እንደ መቀበል ሊቆጠር የሚችልበት ሁኔታ በሁለቱም ሕጎች ተደንግጓል። ስለዚህ ከአንድ አከፋፋይ ጋር በቋሚነት የሚሠራ ነጋዴ የማይፈልገውን አቅርቦት በጊዜው በግልጽ መቃወም ይኖርበታል።

ስለ ቀብድ ሁለቱ ሕጎች ይቀራረባሉ። በዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 107 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በውሉ ጊዜ የተሰጠ ቀብድ ለሁለቱም ወገኖች ከውሉ የመውጣት መብት ይሰጣል። የሰጠው ወገን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በአንጻሩ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ሳይሆን የዋጋው ከፊል ክፍያ ከሆነ፣ ማንኛውም ወገን እንደ ፈቀደ ከውሉ መውጣት አይችልም። በመሆኑም ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው አንድ ቃል የገንዘቡን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ውሉ የሚጸናባቸው ሁኔታዎች

የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 1678 የሚጸና ውል እንዲኖር ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው እንዲሆኑ፣ ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ፣ የውሉም ጉዳይ በበቂ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ እንዲሆን ያዝዛል። ሕግ የተለየ ፎርም ባዘዘ ጊዜም ይኸው መሟላት አለበት። የዮርዳኖስ ሕግም ተመሳሳይ ሁኔታዎችን ይጠይቃል።

ችሎታን በተመለከተ ለአካለ መጠን መድረሻው ዕድሜ በሁለቱም አገሮች 18 ዓመት ነው። በዮርዳኖስ ሕግ ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ፣ ነገር ግን ማመዛዘን የጀመረ ልጅ የሚያደርገው ውል ሙሉ በሙሉ የሚጠቅመው ከሆነ ይጸናል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጎዳው ከሆነ ፈራሽ ነው፤ ጥቅምም ጉዳትም ሊኖረው የሚችል ከሆነ ሞግዚቱ እስኪያጸድቀው ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ፈቃድ ደግሞ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል ሊበላሽ ይችላል። አንድ ሰው የሚፈርመው የሽያጭ ውል መስሎት የብድር ሰነድ ከፈረመ፣ ወይም በዛቻ ተገዶ ከፈረመ፣ ፊርማው መኖሩ ብቻውን ውሉን አያጸናውም። ችግሩ ያለው በማስረዳቱ ላይ ነው፤ ፈቃዱ የተበላሸ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው ይህን በሚለው ወገን ላይ ነው።

ፎርምን በሚመለከት ሁለት የዮርዳኖስ ደንቦች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የሚጸናው በመሬትና ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ ነው። የተሽከርካሪ ሽያጭም እንዲሁ በትራፊክ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መፈጸም አለበት። በመንገድ ላይ የተፈረመ ወረቀትና የተሰጠ ቁልፍ ገዢውን ባለቤት አያደርጉትም። ከዚህ በተጨማሪ የ1952ቱ የማስረጃ ሕግ ከንግድ ጉዳዮች ውጭ ባሉ ውሎች ላይ፣ ሕጉ ከወሰነው አነስተኛ የገንዘብ መጠን በላይ የሆነውን ግዴታ በምስክር ብቻ ለማስረዳት አይፈቅድም። በወዳጅነት በቃል የተሰጠ ብድር በፍርድ ቤት የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል የ2015 የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕግ ቁጥር 15 ለኤሌክትሮኒክ መዛግብትና ፊርማዎች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

«ውል ሕግ ነው» የሚለው መርሕና ገደቡ

በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን በአንቀጽ 1731 ይደነግጋል፤ በዐረቡ ዓለም የሕግ ትምህርትም ውል የተዋዋዮቹ ሕግ መሆኑ የታወቀ መርሕ ነው። የዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 202 ውሉ በይዘቱ መሠረትና በቅን ልቦና እንዲፈጸም ያዝዛል። ይሁንና ሁለቱ ሕጎች ዳኛው በውሉ ውስጥ ምን ያህል መግባት እንደሚችል ሲወስኑ ይለያያሉ።

የዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 205 እንደሚለው፣ አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ አጠቃላይ የሆነ ልዩ ሁኔታ ተፈጥሮ ግዴታውን መፈጸም ከፍተኛ ኪሳራ የሚያስከትል ሸክም ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወገኖች ጥቅም አመዛዝኖ ግዴታውን ወደ ተገቢው ልክ ሊቀንሰው ይችላል። ይህን የሚያስቀር ስምምነት ዋጋ የለውም። የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 1764 ግን የውሉ አፈጻጸም በሁኔታዎች መለወጥ ምክንያት ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደ ጸና እንደሚቀጥል ይደነግጋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚዋዋል ነጋዴ የዋጋ ለውጥን የሚመለከት ሐረግ ራሱ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይጠበቅበታል።

ሌላው ገደብ አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀውን፣ ሌላው ያለ ድርድር የሚቀበለውን ውል ይመለከታል። የዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 204 እንዲህ ባለው ውል ውስጥ ፍትሐዊ ያልሆነ ሐረግ ቢኖር ፍርድ ቤቱ እንዲያሻሽለው ወይም ተቀባዩን ከሐረጉ ነጻ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። በአንቀጽ 240 መሠረት ደግሞ በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ያለ አሻሚ ቃል ውሉን የተቀበለውን ወገን በሚጎዳ መንገድ አይተረጎምም። የባንክ፣ የኢንሹራንስና የስልክ አገልግሎት ውሎች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው።

ውል ሲጣስ

በዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 246 መሠረት አንደኛው ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ፣ ሌላው ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። በአማን ይህ ማስጠንቀቂያ በተለምዶ በኖተሪ በኩል ይደርሳል። በኢትዮጵያም ተበዳዩ ወገን በመርሕ ደረጃ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

የካሣው መጠን በውሉ ወይም በሕግ ካልተወሰነ፣ የዮርዳኖስ ሕግ አንቀጽ 363 ካሣው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ በእርግጥ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዝዛል። ተዋዋዮች አስቀድመው የመቀጫ መጠን ሊወስኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን በአንቀጽ 364 መሠረት ፍርድ ቤቱ በአንደኛው ወገን ጥያቄ መጠኑን ከደረሰው ጉዳት ጋር ሊያስተካክለው ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ስምምነትም ፈራሽ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ግን መቀጫው ጉዳት ባይደርስም እንኳ ሊጠየቅ ይችላል።

የሥራ ውል፦ ነጻነቱ የሚጠብበት ቦታ

ከውሎች ሁሉ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው የሥራ ውል ነው። በዚህ መስክ ሕጉ ሁለቱ ወገኖች እኩል የመደራደር ኃይል እንደሌላቸው ስለሚገነዘብ፣ የውል ነጻነትን ያጠብባል።

የዮርዳኖስ የሥራ ሕግ ቁጥር 8 የወጣው በ1996 ነው። የቤት ሠራተኞች ለዓመታት ከዚህ ሕግ ውጭ ነበሩ። በ2003 ለውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ወጥ የሥራ ውል ተዘጋጀ፤ በ2008 የተደረገው ማሻሻያ በሕጉ ጥላ ሥር እንዲገቡ በር ከፈተ፤ በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ደግሞ መብትና ግዴታቸውን ዘረዘረ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ ሠራተኛዋ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና ክፍያ ያለው የዓመት ፈቃድ ታገኛለች።

በሥራ ሕጉ አንቀጽ 4 መሠረት ሠራተኛው ሕጉ የሰጠውን መብት የሚተውበት ስምምነት ዋጋ የለውም። ስለዚህ «የዕረፍት ቀን አልፈልግም» የሚል ወረቀት ላይ የሰፈረ ፊርማ መብቱን አያጠፋውም። አንቀጽ 15 የሥራ ውል በዐረብኛ ቢያንስ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ እያንዳንዱ ወገን አንዱን እንዲይዝ ያዝዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ ሠራተኛው መብቱን በማንኛውም ሕጋዊ ማስረጃ ማስረዳት ይችላል። በአንቀጽ 29 መሠረት ሠራተኛው ከተስማማበት በግልጽ በተለየ ሥራ ላይ ሲሰማራ፣ ወይም አሠሪው ሲደበድበውና ሲያዋርደው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቅቆ መብቶቹን መጠየቅ ይችላል። ፓስፖርትን ያለ አግባብ መያዝም በዮርዳኖስ ሕግ የተከለከለ ነው።

ከኢትዮጵያ በኩል የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 እንደ ተሻሻለ፣ ሌላ ጥበቃ ይጨምራል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። የሥራ ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ይሆናል። በመሆኑም በኢትዮጵያ የጸደቀ ውል በአማን በዝቅተኛ ደመወዝ በሌላ ውል ከተተካ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ዋና ማስረጃ ነው። ቅጂው በቤተሰብ እጅ መቀመጡ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በዮርዳኖስ የሥራ ሕግ አንቀጽ 138 መሠረት ከዚህ ሕግ የሚመነጭ የመብት ጥያቄ ምክንያቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ካለፈው አይሰማም። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውሎች በጠቅላላው የተሰጠውን የአሥር ዓመት ይርጋ አስቦ የሚዘገይ ሰው መብቱን ያጣል። የግለሰብ የሥራ ክርክሮች የሚቀርቡት «ሱልሕ» ለተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ሕጉ በአፋጣኝ እንዲታዩ ያዝዛል።

የቤት ኪራይ

በአማን የቤት ኪራይን የሚመራው የ1994 ሕግ ቁጥር 11 ነው። በ2000 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ከነሐሴ 31 ቀን 2000 በኋላ የተደረጉ ኪራዮች የሚያበቁት በውሉ በተወሰነው ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት የጊዜው ርዝመት፣ የእድሳቱ ሁኔታና የጥገናው ኃላፊነት በጽሑፍ በግልጽ መቀመጥ አለባቸው።

ከፊርማ በፊት የሚታዩ ነጥቦች

ከእነዚህ መርሆዎች ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይወጣሉ። ፈራሚው የዐረብኛውን ጽሑፍ በሚያምነው ተርጓሚ አስነብቦ ከአማርኛው ቅጂ ጋር ማስተያየት አለበት፤ የዮርዳኖስ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ዐረብኛ ነውና። የተዋዋዩን ማንነትና ሥልጣን ማረጋገጥ፣ ባዶ ቦታ ያለውን ወረቀት አለመፈረም፣ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ከፊል ክፍያ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ፣ የራስን ቅጂ መቀበልና በተለየ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል። ግዴታ ሳይፈጸም ሲቀርም ሳይዘገዩ ማስጠንቀቂያ መስጠትና የይርጋውን ጊዜ መቁጠር ተገቢ ነው። ሕጉ ተንኮልንና አስገዳጅ ሁኔታን ያርማል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ማስረጃ ይዞና በጊዜው ለቀረበ ሰው ነው።