የመኸር ባቡር
ባቡር ሲባል እኔ የሚታየኝ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ነበር። የምዕራብ ካናዳን የስንዴ ታሪክ ሳገላብጥ ግን ሌላ ዓይነት ሐዲድ አገኘሁ። እህሉን በጋሪ የሚያመጣው ገበሬ በአንድ ቀን ደርሶ እንዲመለስ፣ በየ10 እና 15 ኪሎ ሜትሩ ጎተራ ቆመ፤ ቅርንጫፍ መስመር ተዘረጋ። ታላላቆቹ ሐይቆች በበረዶ ሳይዘጉ እህሉ ወደብ መድረስ አለበትና በመኸር ፉርጎው ይጋፋል፤ ከዚያ ጭነቱ ይሳሳል።

እ.ኤ.አ. በ1897 በስምምነት ዝቅ ያለው የማጓጓዣ ዋጋ በ1983 ተሻረ፤ የተተካው ድጎማም በ1995 ቆመ። ብዙ ሐዲድ ተነቀለ። በ1933 ከ5,700 በላይ የነበሩት ጎተራዎች ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ሒሳብ ሠሪው ጭር ያሉትን ወራት ቆጠረ። የአገሬ ገበሬ ጎታም የሚሞላው በዓመት አንዴ ነው፤ በክረምት ባዶ ሆነ ብሎ የሚያፈርሰው ግን አላየሁም።