ስለ ሎሚና ስለ ሁለቱ ክረምት

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከደቀ መዛሙርት አንዱ ወደ እኔ መጥቶ፥ «የኔታ፥ በዕቃ የተከልሁትን ሎሚ በክረምት ከቤት አስገብቼ ጠበቅሁት፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቅጠሉ ጠቍሮ አገኘሁት» አለኝ። መጽሐፍ ተመልክቶ ኖሯል። መጽሐፉ ከውጭ አገር ቋንቋ የተመለሰ ነውና፥ በዕቃ ያለ ሎሚ በክረምት ከቤት ይግባ ይላል። ልጁም እንደ ታዘዘው በሰኔ አስገብቶ በመስከረም አወጣው። ጥፋቱ የአንዲት ቃል ነው እንጂ የልጁ አይደለም። ስለዚህ የዚህችን ቃል ነገርና በዕቃ የሚተከለውን ሎሚ ታሪክ ለአንባብያን ልጽፍ ወደድሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን ከአራት ከፍለው፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመነ ክረምት፥ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ዘመነ መፀው፥ ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 ያለውን ዘመነ ሐጋይ፥ የቀረውን ዘመነ ጸደይ ይሉታል። በዚህ አቈጣጠር ክረምት የውሃ ዘመን እንጂ የውርጭ ዘመን አይደለም። በኢየሩሳሌምና በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ግን ዝናሙና ብርዱ ተባብረው በታኅሣሥና በጥር ይመጣሉ። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 24 ስደታቸው በክረምት እንዳይሆን ይጸልዩ ዘንድ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ባዘዘበት ቃል፥ ክረምት ማለት ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። የደሴ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሐምሌን ጎርፍ ያስባል እንጂ የኅዳርን ውርጭ አያስብም። ባለ ቅኔ በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር ልማዱ ነው፤ ሎሚ ግን ሰምና ወርቅ አይፈታም።

የሎሚ ወገን ሁሉ የወጣው ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው። በዘመናችን ያሉ ተመራማሪዎች እንደ ደረሱበት፥ ጫፉ እንደ ጡት የሾለው ትልቁ ቢጫ ሎሚ የትርንጎና የኮምጣጣ ብርቱካን ልጅ ነው። በእኛ አገር ገበያ ሎሚ የምንለው ትንሹና ቅርፊቱ ስሱ ግን ሌላ ነው፤ ብርድንም ከትልቁ ይልቅ አይችልም። ከዚህ ወገን አስቀድሞ ወደ ግሪኮች ወሬው የደረሰ ትርንጎ ነበር። የአርስቶትል ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ከጌታ ልደት 300 ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለ እርሱ ሲጽፍ፥ ግርጌው በተበሳ ሸክላ ይዘራ እንደ ነበር ተናግሯል። የሮሙ ፕሊኒዎስም በመጀመሪያው መቶ ዓመት፥ ሥሩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ባለው ሸክላ ወደየአገራቸው ሊወስዱት ብዙ ሕዝቦች እንደ ሞከሩ፥ ዛፉ ግን ከሜዶንና ከፋርስ ምድር በቀር እንቢ እንዳለ ጻፈ። እንግዲህ በዕቃ የተተከለ ዛፍ ታሪኩ ከመጀመሪያው የስደተኛ ታሪክ ነው።

በኋላ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ለዚህ ስደተኛ ቤት ሠሩለት። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ያሠራው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1684 እስከ 1686 የተፈጸመው ታላቅ አዳራሽ፥ በእንጨት ሣጥን የተተከሉት ዛፎች ብርዱ እስኪያልፍ የሚሰነብቱበት ነው። በኢጣልያ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ያሉ ባለ አትክልቶች ደግሞ ዛፉን ከመሬት ተክለው፥ ብርዱ ሲመጣ በሳንቃና በመስተዋት ይከድኑት፥ በክፉ ሌሊትም እሳት ያነዱለት ነበር።

ወደ አገራችን ሎሚ መቼ እንደ ገባ መርምሮ መናገር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሰሜን ገዳማት አካባቢ ሎሚና ትርንጎ እንዳየ መጻፉ ግን ይበቃናል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን በአራት ዲግሪ ያህል ይለያያል። ሎሚ ከ13 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማልና፥ በኮምቦልቻ በደስታ የሚያፈራው ዛፍ ሐረጎን ሲወጣ እንግዳ ይሆናል። በጥምቀት ጕብሉ ለወደዳት ልጃገረድ የሚወረውረው ሎሚ ከቆላ ሽቅብ የመጣ ነው።

ስለዚህ በደሴ ለሎሚ ሁለት ክረምት አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ዕቃው ከታች ይበሳ፥ ጠጠር ይነጠፍበት፥ ከጣሪያ ጠፈጠፍም ይራቅ፤ ሥሩ ከበሰበሰ የሚያድነው የለም። ከመስቀል በኋላ ፍግ አይጨመርበት፤ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል ለውርጭ ቀለብ ይሆናልና። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት በበዙበት ሌሊት የምድር ሙቀት ሽቅብ ይሄዳል፤ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ስለዚህ በቦርከና አጠገብ ያለ ቤት በጦሳ ተዳፋት ካለው ይልቅ ይጠንቀቅ። በዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና፥ ዕቃው ቀን ወደ ደቡብ በሚመለከት የድንጋይ ግንብ ሥር ይቁም፤ ማታ ከቤት ይግባ፥ ከምድጃ ግን ይራቅ። ውሃው በጥቂቱ በቀትር ነው።

ይህን ሁሉ የተማርሁት በኪሳራ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ እንደ ብዙዎች እኛም ቤታችንን ትተን ወጣን። ሦስት ሎሚ ነበረኝ፤ ሁለቱ በግማሽ በርሜል፥ አንዱ በዘይት ጣሳ። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ፤ እኛም በታኅሣሥ ገባን። የበርሜሎቹን ቅርፊት በጥፍሬ ብፍቀው እስከ ግንዱ ቡናማ ሆኗል። ጣሳው ግን በቦታው የለም፤ ተዘርፏል ብዬ ተውሁት።

እግራቸው አላስኬድ ብሎ የቀሩ ሙስሊም ጎረቤታችን በማግሥቱ ጣሳውን ታቅፈው መጡ። «አባ፥ ትልልቆቹን ማንሣት አቃተኝ፤ ይቺን ግን ማታ ማታ እያስገባሁ፥ ቀን እያወጣሁ ከረምሁ» አሉኝ። ኅዳርን «ከረምሁ» ማለታቸውን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም፤ ያ ልጅ ቅጠሉ የጠቈረበትን ሎሚ ይዞ ሲመጣ ነው ትዝ ያለኝ። ጣሳውን ወደ ደጃቸው መለስሁት፤ በበልጉ ዝናም አቈጠቈጠ፥ እስከ ዛሬም ከዚያው ነው።